የፊት ጎማ የቱን ልግዛ ላልከው የደጀኑ ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት፣ ምክንያቱም ያቀረብክልኝ ሦስት ምርጫ ሁሉም ሞተረኛ ጎማ ሊገዛ ሲወጣ የሚቀርብለት ነው። ሌላውም እንዲጠቀምበት ባጭሩ ልድገመው፦ ቦክሰር 150 ነው የምትነዳው፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስለሆንክ ከደጀን ወደ ቀበሌዎቹ በጠጠርና በጥቁር አፈር መንገድ ትወጣለህ፣ አንዳንዴ ደግሞ ዓባይን ወርደህ ጎሃ ጽዮን ድረስ በአስፋልት ትሄዳለህ። የፊት ጎማህ ሊሾ ሆኗል፣ ጎኑ ላይ 2.75-17 41 ፒ ይላል (2.75 የጎማው ስፋት፣ 17 የቸርኬው ልክ፣ ሁለቱም በኢንች፤ 41 ፒ የክብደትና የፍጥነት ልኩ ነው)፣ የኋላው 3.00-17 ነው። ነጋዴው በመጀመሪያ ጥርሱ ትልልቅ የሆነ 3.00-17 ክሮስ ጎማ አሳየህ፣ ቀጥሎ በርካሽ 2.75-17 ባለ 6 ፕላይ (ፕላይ የጎማው ጥንካሬ የሚነገርበት የንብርብር ቁጥር ነው) አወጣልህ፣ መጨረሻው ላይ 4217 ይላል፤ ጎሚስታው ደግሞ "የኋላውን ወደ ፊት አምጣውና ለኋላ አዲስ ግዛ፣ ክረምቱን ያወጣሃል" አለህ።

መልሴ ሦስቱንም ተው ነው። 2.75-17 ግዛ፣ ተራው ባለ 4 ፕላይ፣ ጥርሱ ለአስፋልትም ለጠጠርም የተሰራ ቅይጥ፣ ከተመረተ ሁለት ሦስት ዓመት ያላለፈው፣ ከአዲስ ካላማዳሪ (ንፋስ ከሚይዘው የውስጥ ጎማ) ጋር። አሁን ለምን እንደሆነ ላስረዳህ፣ ምክንያቱን ካላወቅከው ሱቅ ስትገባ ነጋዴው አንዲት ቃል ብሎ ሀሳብህን ያስቀይርሃል።

ነጋዴውም ጎሚስታውም አንተም ስለ ጎማ ስታወሩ የምታወሩት ስለ ጥንካሬ ነው። የቱ ቶሎ አያልቅም፣ የቱ እሾህ አይገባውም፣ የቱ ሸክም ይችላል። ይሄ ለኋላ ጎማ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ የኋላው ሞተሩን የሚገፋው ነው፣ ሸክሙም እሱ ላይ ነው፣ ቶሎ የሚያልቀውም እሱ ነው። የፊቱ ስራው ሌላ ነው፦ መሪህን የሚታዘዘው እሱ ነው፣ ፍሬን ስትይዝ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚሄድ አጥብቀህ ስትቆም ከማቆሙ ስራ አብዛኛውን የሚሰራው የፊቱ ነው። የኋላ ጎማ ሲያንሸራትትህ ቂጡ ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ ብዙ ጊዜ ትመልሰዋለህ፣ የፊቱ ከሸሸ ግን እጅህን ለመዘርጋት እንኳን ጊዜ የለህም፣ ወዲያው መሬት ነህ። ስለዚህ የፊት ጎማ ስትመርጥ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀው፣ በዝናብ ቀን አስፋልቱን ይቆነጥጣል ወይ። ዕድሜው ሁለተኛ ነው፣ ለነገሩ የፊቱ ከኋላው በጣም ቀስ ብሎ ስለሚያልቅ ለዕድሜው ያን ያህል መጨነቅም የለብህም።

ከርካሹ ልጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያዘው እሱ ነው። 4217 ያልከው ቁጥር የምርት ቀን ነው። ጎማ ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ወይ ደግሞ እንደ እንቁላል በሞላላ ክብ ውስጥ አራት ቁጥር ታገኛለህ፣ አንዳንዱ ላይ በአንድ ጎኑ ብቻ ስለሆነ ገልብጠህ እይ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመተ ምህረት። 4217 ማለት የ2017 42ኛ ሳምንት። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሸወደው፣ 17 ሲል የኛ 2017 ይመስለዋል፣ ነጋዴውም "ያምና ነው" ይልሃል፣ ምናልባት እሱም እውነት መስሎት ነው። ግን የፈረንጅ አቆጣጠር ነው ወንድሜ፣ 42ኛው ሳምንት በኛ ጥቅምት 2010 ላይ ነው የሚውለው። ስምንት ዓመት ያለፈው ጎማ ነው አዲስ ተብሎ የሚሸጥልህ። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፣ ውስጡ ያለው ዘይት እየወጣ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ከሱቅ በር ላይ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ ከከረመማ የባሰ ነው። ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ዓይንን ያታልላል፣ በደረቅ መንገድም ብዙ አያስታውቅም፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ስትይዝ ግን እንደ ፕላስቲክ ይንሸራተታል። በጥፍርህ ጥርሱን ጫን በለው፣ ደህና ላስቲክ ትንሽ ገባ ብሎ ይመለሳል፣ የደረቀው ጥፍርህን ይመልሳል። ከዛ ጎኑን አጠፍ አድርገህ በጥርሱ ስር ስር እይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካየህ መልስለት፣ በነፃ ቢሰጥህም አትውሰድ።

6 ፕላይ የሚለውም እንዳያጓጓህ። ያንተ ጎማ 41 ፒ ነው ያለው አይደል፣ 41 የሚለው በጎማ የመሸከም ልክ ሰንጠረዥ 145 ኪሎ ማለት ነው፣ ፒ ደግሞ እስከ 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት። በዛው ስፋት ባለ 6 ፕላዩ ብዙውን ጊዜ 47 ይላል፣ 175 ኪሎ። የሞተርህ ጠቅላላ ክብደት ራሱ ከ120 ኪሎ ብዙም አይርቅም፣ ግማሹን ደግሞ የኋላው ነው የሚሸከመው፣ አንተ ላይ ስትወጣ እና የመድኃኒት ሳጥኑን ስትጭን የሚጨመረው አብዛኛው ወደ ኋላ ነው። የፊቱ 175 የሚፈልግበት ምንም ምክንያት የለም። ጎኑ የደነደነ ጎማ ትንንሽ ጠጠር ላይ ተጣጥፎ መሬቱን ከመያዝ ይልቅ እየዘለለ ነው የሚሄደው፣ እጅህም ይደነዝዛል። ለኋላ ከፈለግክ 6 ፕላይ ግዛ፣ በተለይ አንዳንዴ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ጆንያ ከጫንክ፣ እዛ ላይ እኔም አልከራከርህም። (ጆንያ ስትጭን የፊቱ እንደሚቀልልህ ታውቃለህ አይደል፣ መሪው እንደ ባዶ ይሆናል፣ ያኔ ፊት ጎማ ሊሾ ሆኖ ቁልቁለት መውረድ በጣም አስጊ ነው፣ እባክህ አታድርገው።)

አሁን ወደ ክሮሱ እንምጣ። ይሄኛው ሁለት ችግር ነው ያለው፣ አንዱ ስፋቱ ሌላው ጥርሱ። ስፋቱን በቁጥር ብታየው 2.75 ማለት በኢንች ስለሆነ ወደ 70 ሚሊ ሜትር ነው፣ 3.00 ደግሞ 76። ትንሽ ይመስላል ግን በዚህ አጻጻፍ ቁመቱም ከስፋቱ ጋር ስለሚሄድ የጎማው ጠቅላላ ቁመት ወደ 13 ሚሊ ያድጋል፣ ማለትም ከላይ ወደ ፓራፋንጎው (ጭቃ መከላከያው) በግማሹ፣ ወደ 6 ሚሊ ይጠጋል። በዛ ላይ የክሮስ ጥርስ ከተለመደው ይረዝማል። በበጋ ይሽከረከራል፣ ችግር የለም ትላለህ፣ ሰኔ ላይ ያ የናንተ አገር ጥቁር አፈር ውስጥ ስትገባ ግን ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ይጠቀጠቅና ጎማው ይቆማል፣ እየነዳህ ፊት ጎማ ቆመ ማለት ምን እንደሆነ ልነግርህ አያስፈልግም። ለነገሩ ጭቃ ውስጥ ሰፊ ፊት ጎማ ይሻላል የሚባለውም ትክክል አይደለም፣ ቀጭኑ ነው ላይኛውን ልስልስ ሰንጥቆ ታች ያለውን ጠንካራ መሬት የሚያገኘው፣ ሰፊው ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። ቸርኬህም አለ፣ ቸርኬው ላይ 1.60x17 ወይም ሌላ ቁጥር ተቀርጾ ታገኛለህ፣ ይሄ የውስጥ ስፋቱ ነው በኢንች። ለ2.75 የተለመደው 1.60 እና 1.85 ነው፣ ቸርኬው ከዚህ ከጠበበ ሰፊ ጎማ ስታስገባበት ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይታጠፉና መሀሉ ወደ ላይ ይቆለመማል፣ መሬት የሚነካው ያው ቀጭን መስመር ይሆናል፣ ስፋቱን ከፍለህበት አትጠቀምበትም።

ጥርሱ ደግሞ ይሄ ነው፦ ትልልቅ ጥርስ ማለት በመሀሉ ትልልቅ ባዶ ቦታ ማለት ነው፣ ስለዚህ አስፋልት ላይ የሚያርፈው ላስቲክ ትንሽ ነው። ፍሬን ስትይዝ እያንዳንዱ ጥርስ ለብቻው ይተጣጠፋል፣ መቆሚያህ ይረዝማል፣ ኩርባ ላይ ስታዘነብል ደግሞ ጎማው የሚዋኝ ይመስልሃል። አንተ እኮ ዓባይን የምትወርድ ሰው ነህ። ከደጀን 2,400 ሜትር ገደማ ተነስተህ ድልድዩ ጋ 1,000 ሜትር ገደማ ትደርሳለህ፣ ያ ሁሉ ቁልቁለት ክብደትህ ፊት ጎማ ላይ ነው፣ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ሞገድ ሞገድ ሰርቷል፣ ከባድ መኪና የለሰለሰው ቦታ አለ፣ ናፍታ የፈሰሰበት ኩርባ አለ። እዛ ላይ በክሮስ ጎማ መውረድ ለኔ ትክክል አይደለም። ሙሉ ቀኑን ማሳ ለማሳ የሚውል፣ አስፋልት የማይነካ ሰው ቢጠይቀኝ ክሮሱን ልለው እችል ነበር፣ ያውም ለዛ የተሰራ ሞተር ላይ፣ ፊቱ ባለ 19 ወይ ባለ 21 ቸርኬ የሆነ እና ፓራፋንጎው ከፍ ያለ።

በተቃራኒው ሙሉ የከተማ ጎማ፣ ዙሪያውን ቀጥ ያለ መስመር መስመር ብቻ ያለው ማለቴ ነው፣ እሱም ላንተ አይሆንም። ለአስፋልት ግሩም ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ውሃም በደንብ ያወጣል፣ ጠጠር ላይ ግን ወደ ጎን የሚይዘው ጠርዝ ስለሌለው ኩርባ ላይ ፊቱ ይሸሻል። ላንተ የሚሆነው መሀሉ ጠጋ ጠጋ ያለ ጥርስ፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ደግሞ ከፈት ያለ ጥርስ ያለው ነው። መሀሉ ለአስፋልት፣ ጠርዙ ለጠጠር። በጣትህ ዙሪያውን ስትዳብሰው መሀሉ ብዙ የማይቆራረጥ መሆን አለበት።

ስለ ማርክ ጠይቀሃል። በዚህ ስፋት ከህንዶቹ ኤም አር ኤፍ፣ ሲያት እና ቲ ቪ ኤስ፣ ከታይዋኖቹ ኬንዳ እና ሲ ኤስ ቲ ለትንንሽ ሞተር ጎማ የሚሰሩ የታወቁ ፋብሪካዎች ናቸው፣ ከነሱ ያገኘኸውን ውሰድ። ግን እኔ የሁለት ዓመት ኬንዳ እና የስምንት ዓመት የምትወደው ማርክ ቢቀርብልኝ ሳላመነታ ኬንዳውን ነው የምወስደው። መጀመሪያ ልኩ፣ ከዛ ቀኑ፣ ከዛ ጥርሱ፣ ማርኩ ከነዚህ በኋላ ነው። 2.75-17 ከጠፋ 80/90-17 ቁመቱ በጣም ይቀራረባል፣ በሚሊ ሜትር የተጻፈ ስለሆነ እንጂ የሩቅ ዘመድ አይደለም፣ ግን እሱም ስፋቱ ትንሽ ስለሚጨምር የቸርኬህን ቁጥር እና የፓራፋንጎውን ክፍተት ሳታይ አትክፈል፣ የክብደት ቁጥሩም ከ41 በታች እንዳይሆን። ደጀን ካጣህ ደብረ ማርቆስ ጠይቅ፣ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ካለህ ደግሞ ልኩን በወረቀት ጽፈህ ስጠው፣ በቃል አትላከው፣ "የቦክሰር ጎማ" ተብሎ የተላከ ሰው የኋላ ጎማ ይዞ ነው የሚመጣው።

የጎሚስታው ምክርስ? የኋላውን ወደ ፊት ማምጣት። ሰውየው ገንዘብ ሊያስቀርልህ ብሎ ነው፣ አትቀየመው፣ ግን አይሆንም። ስፋቱ 3.00 መሆኑን ቅድም አይተናል። ዋናው ግን የኋላ ጎማ ሲሰራ መሀሉ ያልቅና ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ፊት ላይ ስታደርገው ቀጥታ ስትሄድ በጠፍጣፋው ነህ፣ ልትታጠፍ ስታዘነብል ከጠፍጣፋው ጠርዝ ላይ ዘፍ ብሎ ይወድቃል፣ መሪው በእጅህ አይታዘዝም። ሌላው ጎኑ ላይ ያለው ቀስት ነው። ቀስቱ የሚሽከረከርበት አቅጣጫ ነው፣ የኋላው የሚገፋ ስለሆነ ጉልበቱ ወደ አንድ በኩል ነው፣ የፊቱ ዋና ስራው ማቆም ስለሆነ ጉልበቱ በተቃራኒው ነው የሚመጣበት፣ ለዛ ነው አንዳንድ ጎማ ላይ ለፊት አንድ ቀስት ለኋላ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሌላ ቀስት የምታየው። አዲሱን ስታስገባም ለፊት የሚለውን ቀስት ተከተል፣ ጎሚስታው ሲጣደፍ ገልብጦ እንዳያስገባው ቆመህ እይ።

"ክረምቱ እስኪወጣ ልቆይ ወይ" ላልከው፣ በፍጹም። ጎማው ቦይ ውስጥ ከፍ ከፍ ያሉ ትንንሽ ድልድዮች አሉ፣ ጎኑ ላይ ቲ ደብሊው አይ ወይም ትንሽ ሦስት ማዕዘን ባለበት አቅጣጫ ፈልጋቸው፣ የሞተር ጎማ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 0.8 ሚሊ ናቸው። ጥርሱ ከነሱ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። ጀርመኖች ለሞተር 1.6 ሚሊ ነው በሕግ የሚጠይቁት፣ እኔ ለክረምት መግቢያ ፊቱ 2 ሚሊ ካልቀረው ቀይረው ነው የምለው፣ ያንተ ደግሞ ሊሾ ነው ካልክ ውሃ የሚወጣበት ቦይ የለውም ማለት ነው። ለክረምት ነው ጎማ የሚገዛው፣ በመስከረም አይደለም።

ስታስገጥም ደግሞ አብረህ ቁም፣ ጥሩ ጎማ በመጥፎ አገጣጠም ሲበላሽ በጣም ያናድደኛል። ካላማዳሪው አዲስ ይሁን፣ አሮጌው ተለጥጦ ስለሰፋ አዲሱ ጎማ ውስጥ ይተጣጠፍና በእጥፋቱ ይቀደዳል፣ ላዩ ላይ 2.75/3.00-17 የሚል ካለው ይሆንሃል። ቸርኬው ውስጥ የሽቦዎቹን ራስ የሚሸፍነው ጎማ ቀበቶ ከደረቀ ወይ ከተቆረጠ ይቀየር፣ የቆመ የሽቦ ጫፍ ካለ ይሞረድ። ካላማዳሪው ትንሽ ይነፋና ይግባ፣ የሕፃን ፓውደር ይነስነስበት። የጎማው አፍ በሳሙና ውሃ ነው የሚቀባው፣ ዘይት ወይ ግሪስ ከቀቡብህ አስቁማቸው፣ ላስቲኩን ይበላዋል፣ ፍሬን ስትይዝም ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞርና የቫልቩን አንገት ይቆርጠዋል። አዲሱ ጎማ ላይ ቢጫ ነጥብ ካለ ቫልቩ ጋ ይዋል፣ ቀላሉ ጎኑ እሱ ነው። ሲነፋ አንድ ነገር ተጠንቀቅ፣ መንገድ ዳር ያለው ኮምፕሬሰር ለሲኖትራክ የተዘጋጀ ነው፣ ያንን ለቀህ አትየው፣ አፉ ቸርኬው ላይ እስኪቀመጥ ከ40 ፒ ኤስ አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) መብለጥ የለበትም፣ ካልተቀመጠ አስተንፍሶ ሳሙና ጨምሮ እንደገና ነው። በሁለቱም ጎን ጎማው ላይ ዙሪያውን የሄደች ቀጭን መስመር አለች፣ ከቸርኬው ጠርዝ እኩል ርቀት ላይ ዙሪያውን ካልሄደች ጎማው ተጣሞ ነው የተቀመጠው፣ እንደዛ ሆኖ ይዘኸው አትሂድ።

ጎማው ወጥቶ እያለ ኩሽኔታውን በጣትህ አሽከርክረው፣ የሚንኮሻኮሽ ወይ የሚቆነጥጥ ከሆነ አሁኑኑ ይቀየር፣ ሽቦዎቹንም አንድ በአንድ በብረት መታ መታ አድርግ፣ የላላው ድምፁ ይለያል። ሲመለስ ደግሞ ፔርኖውን ከማጥበቅህ በፊት የፊት ፍሬኑን ጨብጠህ ያዝ፣ እንደያዝክ ይጥበቅ፣ የፍሬን ሸራው መሀል ላይ ይቀመጥልሃል፣ ፍሬንህም ከበፊቱ ይሻላል።

ንፋሱ፣ ብዙ ጊዜ ለቦክሰር ፊት 25፣ ኋላ ብቻህን 28፣ ሰው ጭነህ 32 ፒ ኤስ አይ ነው የሚባለው፣ ሞተርህ ላይ ተለጥፎ ወይ መጽሐፉ ላይ ካለ ግን እሱን እመን። የራስህ ትንሽ መለኪያ ግዛ፣ ጠዋት ሳትነሳ ጎማው ቀዝቅዞ እያለ ለካ። ዓባይ ስትወርድ ንፋሱን ልቀንስ ወይ የሚሉኝ አሉ፣ አያስፈልግም፣ ታች ሙቀቱ ንፋሱን ከፍ ያደርገዋል፣ ከፍታው መቀነሱ ደግሞ ወደ 2 ፒ ኤስ አይ ያህል ዝቅ ያደርገዋል፣ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። ለጠጠር ብለህም ከሁለት ሦስት በላይ አትቀንስ፣ ካላማዳሪ ያለው ጎማ ሲላላ ድንጋይ ላይ ተቆንጥጦ ይበሳል።

የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ቀስ በል፣ አዲስ ጎማ ላዩ የሚያንሸራትት ነው፣ ትንሽ እስኪሻክር ፍሬንህንም ኩርባህንም በልክ አድርግ፣ በተለይ በዛ ጊዜ ዓባይን አትውረድበት፣ መጀመሪያ ቀበሌዎቹን ተመላለስበት። ከመግዛትህ በፊት የቸርኬህን ቁጥር እና የጎማውን አራት ቁጥር ጻፍልኝ፣ ሱቁ ውስጥ ሆነህም ቢሆን፣ አይቼ እመልስልሃለሁ።